እማዬ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምታርፊበትን ደረጃ ታስታውሺዋለሽ?

ነሐሴ 14፣ ቱሉ ዲምቱ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክማ በየሁለት ቀኑ እንገናኛለን። ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አቡሽ ስልኩን ይነጥቀኛል፣ ሚጡ "እኔ ላውራት" ብላ ታለቅሳለች፣ አንቺ ደግሞ "ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። የልቤን ሳልነግርሽ ይቀራል። ዛሬ ሁለቱም በጊዜ ተኙልኝ። አባታቸው የማታ ፈረቃ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ነገ ጠዋት ወደ አሰላ የሚሄድ የጎረቤት ልጅ ስላለ በሱ እልክልሻለሁ። መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

አቡሽ ዘጠኝ ወር ሞላው። ባለፈው ሳምንት የኩፍኝ ክትባቱን አስከተብኩት፤ ሁለተኛው 15 ወር ሲሞላው ነው። ትንሽ አተኮሰው፣ በማግስቱ ተወው። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅሏል። ቤቱን እየዳኸ ያዳርሰዋል። የላክሽውን የገብስ ዱቄት ቀጠን ያለ ገንፎ አድርጌ በእንቁላል እሰጠዋለሁ፣ ይወደዋል። ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም አይቀምስም ብዬ ስከራከርሽ አኩርፈሽ ነበር። "እኔ አምስት ያሳደግኩት በምን ሆነና" ብለሽኛል። ግን አንድም ቀን ተደብቀሽ ጠብታ ውሃ አልሰጠሽውም። አኩርፈሽም ቃሌን አከበርሽልኝ። ያኔ አላመሰገንኩሽም፤ አሁን አመሰግንሻለሁ።

ልነግርሽ የፈለግኩት ግን የሚጡን ነገር ነው።

ጥምቀትን አብረን ውለን ስትሄጂ፣ ደረጃው ላይ እጄን ይዘሽ ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? "ሕፃኑን ሁሉም ያየዋል። አንቺ ትልቋን እያት።" እሺ አልኩሽ። ግን በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁሽም። የደከመኝ ጊዜ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ለእናት 90 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ነው የሚሰጠው። የአባታቸው ሦስት ቀን እኔ ከአልጋ ሳልነሳ አለቀ። የኔም የካቲት ላይ አለቀና ሥራ ገባሁ። ዘጠና ቀን ሲጽፉት ብዙ ይመስላል። ሕፃኑ ግን ገና አንገቱን እንኳ በደንብ አላጠናም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ። ጡቴን አልቤ አስቀምጣለሁ፣ የሚጡን ምሳ ዕቃ እሞላለሁ፣ አቡሽን አንደኛ ፎቅ እትዬ ጋ አደርሳለሁ። እትዬ በወር እየተከፈላቸው ነው የሚይዙልኝ፤ ግን እንደ ልጅ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ሚጡን ከትምህርት ቤት የሚመልሷትም እሳቸው ናቸው። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ፣ እስከ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሌላ ሰልፍ፣ ሳሪስ። ማታ ስመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። አቡሽን አዝዬ፣ ቦርሳዬንና የሚጡን ቦርሳ አንጠልጥዬ እስከ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። ሚጡ ከኋላዬ ናት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። እኔም ሁልጊዜ "ቶሎ በይ እንጂ" እላታለሁ። ለምን እንደምትቆም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሚያዝያ ላይ አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቅ ሆና ስታድር የነበረች ልጅ! በጡጦ ካልሆነ ወተት አልጠጣም አለች። "እዘይኝ" ትላለች፣ ወንድምሽን አዝያለሁ እላታለሁ። ሚሷ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት አብዝታለች ብላ ላከችብኝ። እኔ ሰኔ ይለፍ፣ ትምህርት ሲዘጋ ታርፋለች አልኩ።

ሐምሌ ላይ ውሃ ስምንት ቀን ጠፋ። እዚህ ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አይተሻል፤ የዚያን ሰሞን ግን ፈረቃውም ቀረ። በርሜሉ አለቀ። ለአቡሽ ብዬ አንድ ጀሪካን ደብቄ አስቀምጬ ነበር። እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ያልደረቁ የሽንት ጨርቆችን ሳገላብጥ ከውስጥ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ስገባ ሚጡ አሻንጉሊቷን በአቡሽ ሳፋ ውስጥ ታጥባለች። ሳሙናውን አረፋ አድርጋ፣ አንገቷን ደግፋ፣ ልክ እኔ እንደማደርገው። እሹሩሩ ትላታለች። ጀሪካኑ ባዶ ነው።

ጮህኩባት እማዬ። "አንቺ ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ?" አልኳት። እጇንም መታሁት። አላለቀሰችም። ዝም ብላ አየችኝና አሻንጉሊቷን በፎጣ ጠቀለለቻት።

ወለሉን ጠርጌ ቀና ስል በሩ ተከፍቷል። ልጅቷ የለችም። አልጋ ስር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጎረቤት ቤት ፈለግኳት። የጋራ መገልገያው ኮሙናል ጋ ትሆናለች ብዬ አቡሽን ታቅፌ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አንቺ የምታርፊበት ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አዝላለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት።

"አያቴን እየጠበቅኳት ነው" አለች። "ጉልበቷ እስኪያርፍ።"

ቁጭ አልኩ። በዚህ ደረጃ ስንት ዓመት ስወጣ ስወርድ እዚያ ጋ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ለካ ከዚያ ሆኖ የፍጥነት መንገዱ ይታያል። ወደ አዳማ የሚሄዱት መኪኖች ይታያሉ። "አያቴ በዚያ ነው የሄደችው" አለችና በጣቷ አሳየችኝ። ከነጠላሽ ጫፍ ፈትተሽ ቆሎ እንደምትሰጫት ነገረችኝ። ይኸንንማ አውቀዋለሁ። ታሪክ እንደምትነግሪያት ግን አላውቅም ነበር።

"የማንን ታሪክ?" አልኳት።

"ያንቺን ነዋ! አጎቴ ሲወለድ አንቺ ጫማሽን አድርገሽ ሌላ እናት ልፈልግ ብለሽ ከቤት ወጣሽ። አያቴ ስትፈልግሽ ጎተራው ኋላ ተደብቀሽ አገኘችሽ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አዝላ አመጣችሽ። አጎቴን ታቀፈችው፣ አንቺን አዘለችሽ።"

እማዬ፣ ይህን ታሪክ እኔ አላውቀውም። አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላት ልጄ የምታውቀውን የራሴን ነገር እኔ አላውቀውም። ጎተራውን አስታውሰዋለሁ። የጭዱን ሽታ አስታውሰዋለሁ። መደበቄን ግን አላስታውስም። አንቺ አራስ ነበርሽ፤ አባዬ ደግሞ ያን ጊዜ ለሥራ ገጠር ነበር። ውሃው ከምንጭ በእንስራ ነው። እንዴት ብለሽ ሁለታችንንም ቻልሽን?

"ልዘልሽ?" አልኳት ሚጡን። መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ጀርባዬ ላይ ወጣች። አቡሽን በፊት ታቅፌ፣ እሷን ከነቦርሳዋ አዝዬ ሁለት ፎቅ ወጣሁ። ከብዳለች! አራተኛው ላይ ስንደርስ እስትንፋሴ አልቆ ነበር። እሷ ግን ጆሮዬ ስር ትስቅ ነበር። ያን ሳቋን ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ አቡሽን እትዬ ጋ ትንሽ አቆየዋለሁ። እኔና ሚጡ ደረጃው ላይ ቁጭ እንላለን። ቆሎ ከቦርሳዬ አይጠፋም። አንዳንድ ቀን ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን መኪና ብቻ ትቆጥራለች። ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልልሽም፤ አልጋው አሁንም አልፎ አልፎ ይረጥባል። ግን አልቆጣትም። አንሶላውን አብረን እንቀይራለን።

ፍልሰታን እንደ አያቴ እጾማለሁ ብላ እስከ አራት ሰዓት እየቆየች ነው። ትናንት ቡሄ ዱላቸውን እየመቱ እስከ አራተኛ ፎቅ የወጡትን ልጆች ሙልሙል የሰጠቻቸው እሷ ናት። አቡሽን ደግሞ ዱላው እንዳያስደነግጠው ጆሮውን ይዛለት ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የቀረውን ታሪክ ለኔም ንገሪኝ። በስልክ አይደለም፤ ለመስቀል እንመጣለን። በፍጥነት መንገዱ እስከ አዳማ አንድ ሰዓት ነው፣ ከዚያ አሰላ ቅርብ ነው። ለልጆቹ ወፍራም ልብስ እይዛለሁ፤ የጭላሎን ብርድ አልረሳሁትም።

ሌላም ነገር አለ። ምድር ላይ ያሉት ሰዎች ቤታቸውን ሊያከራዩ ነው። የኛን አከራይተን እዚያ ብንወርድ ብለን ከአባታቸው ጋር እየተማከርን ነው። ደረጃ አይኖርም፤ ጉልበትሽ ሳያስቸግርሽ እንደልብሽ ትገቢያለሽ፣ ትወጫለሽ። ለሚጡ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

"ታዲያ አያቴ ታሪክ የምትነግረኝ የት ቁጭ ብላ ነው?" አለችኝ።

ምን ልበላት?

ልጅሽ