«ጋሼ፣ እስኪ አብረን እንለካት»

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼብሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ልደውል እልና ቀኑ ሳይት ላይ ያልቃል። ማታ ደግሞ መሽቷል እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ከረምኩ።

ዘንድሮ አራት ጀማሪ መሐንዲሶች አብረውኝ ይሠራሉ። ጎበዞች ናቸው። ሶፍትዌሩንማ እኛ በእነሱ ዕድሜ ከምናውቀው በላይ ያውቁታል።

ባለፈው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ አርማታ ልንሞላ ነው፤ ሚክሰሩ በር ላይ ቆሟል። አንዷ ልጅ ቢሙ (አግዳሚው) ከኮለኑ (ከቋሚው ምሰሶ) የሚገናኝበት ጋ ቆማ አንዴ ስታፋውን፣ ማለትም ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚይዘውን የታጠፈ ብረት፣ አንዴ ፕላኑን ታያለች። «ምነው?» አልኳት። «ምንም» አለችኝ። ጠጋ ብዬ ለካሁ። በየ10 ሴንቲው መታሰር የነበረበት በየ20 ታስሯል። ለካ ጠዋት አይታዋለች! ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ፎርማኑ በአባቴ ዕድሜ ናቸው። እኔ ማን ነኝ ብዬ ልናገራቸው?»

ሙሌቱን አስቆምን። የመጣው ኮንክሪት ለአጥሩ መሠረት ዋለ።

በእሷ አልተናደድኩም። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ሸክም ማስላት ተማረች፤ አንድን አንጋፋ ባለሙያ ሳያስቀይሙ ማረምን ግን ማን አስተማራት? ይሉኝታዋም የጥሩ አስተዳደግ ነው። ቢሆንም እዚያ ፎቅ ላይ ነገ ሰው ይኖርበታል።

አሜሪካ ያለውን የካንሳስ ሲቲውን ሆቴል ታስታውሳለህ? እ.ኤ.አ. በ1981 የተንጠለጠሉት መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰው የሞተበትን። ላይና ታች ሆነው በአንድ ወጥ ዘንግ ሊንጠለጠሉ የታሰቡት በሁለት ዘንግ ሲቀየሩ፣ የታችኛው በላይኛው ላይ ተንጠለጠለና የላይኛው መገጣጠሚያ የሚሸከመው እጥፍ ሆነ። የተቀየረው ፕላን ጸድቆ አለፈ፤ ቁጭ ብሎ ያሰላው ግን አልነበረም። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ፀጥ አሉ።

ከዚያ ልጅቷን ሦስት ቀን ብረት ከሚያስሩት ከፌራዮዎቹ ጋር አዋልኳት። ስታፋ አጠፈች፣ ሽቦ አሰረች፣ ምሳም አብራቸው በላች። ፎርማኑንም «ተሳስተዋል» ከምትላቸው «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን አብረን እንለካት» በያቸው አልኳት። ይህን ከማን እንደተማርኩት አንተ ታውቃለህ። የመጀመሪያ ሥራችን ላይ የሜትሩን ጫፍ ለፎርማኑ ታስይዝ ነበር፤ ሰውዬው ቁጥሩን ራሱ አንብቦ ራሱ ያስፈታው ነበር። ቅያሜ የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ አላመሰገንኩህም።

ማክሰኞ ዕለት ቢሮ ቁጭ ብዬ የፎርማኑን ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ ሜትርሽን ይዘሽ ነይ እስኪ!» ይሏታል። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ሳስብ አንተ ትዝ አልከኝ።

እባክህ አንድ ቅዳሜ ብቅ በልና አጫውታቸው። እኔ ከምነግራቸው አንተ ብታሳያቸው ይሻላል። ስልኬ የድሮው ነው።

ወንድምህ