ማሰሮ የተቀየረለት አበባ ሲጠወልግ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቤት ውስጥ ዓመታት የኖረ አበባ ማሰሮ ተቀይሮለት ሲጠወልግ ብዙ ሰው ውኃ ይጨምራል። የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ በተለይ በጅማ ክረምት። ሲነቀል የተጎዳ ሥር ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው አፈሩ ረጥቦም ቅጠሉ ይዝላል። ጣትዎን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተው ይዩ፤ እርጥብ ከሆነ አያጠጡ።

እየባሰበት ከሄደ ያውጡትና ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ይሸታል፤ ሲጎትቱት ልጡ እንደ ካልሲ ተሞልጮ ቀጭን ክር ይቀራል። እሱን በአልኮል በተጠረገ ምላጭ ይቁረጡ። ማሰሮው ከቀረው ሥር በ3 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ በቂ ነው፤ ከታች ቀዳዳ ይኑረው። (ከማሰሮው ግርጌ ጠጠር መደርደር ትርፉ ድካም ነው።)

የጅማ ቀይ አፈር ብቻውን ይጠጥራል፤ ለ2 እጅ አፈር 1 እጅ አሸዋና 1 እጅ ብስባሽ ይቀላቅሉ። የቡና ገለፈት እንደልብ ስለሚገኝ ትኩሱን የሚጨምሩ አሉ። ማሰሮው ውስጥ ሲብላላ ግን ለቅጠል የሚያስፈልገውን ምግብ፣ ናይትሮጅኑን፣ ተክሉን ይሻማዋል። ለወራት ተከምሮ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ብቻ ይጠቀሙበት። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ፤ እስከዚያው ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አያግኘው።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ