ቤቱን አትሽጥ

ኡፕሳላ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለታደሰ፣

እኔ ደህና ነኝ፤ ሰላምታዬን በዚህ አሳጥሬ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ናሆምን ለአንጎል ዕጢው ፕሮቶን በሚባለው የጨረር ሕክምና እዚህ ስዊድን እንዳሳክምልህ የጠየቅህበት መልእክት ከደረሰኝ ሰንብቷል። ዝም ያልኩት ጨክኜ ሳይሆን የሚያውቁ ሰዎችን ሳልጠይቅ በልጅህ ነገር ላይ አፌን መክፈት ስለ ፈራሁ ነው። አሁን ጠይቄያለሁ፤ መልሴንም አስቀድሜ እነግርሃለሁ። የአባባን ቤት አትሽጥ፣ የሂሩትን ሠርግ አታፍርስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሮቶን እየጠበቅህ አዲስ አበባ የተሰጣችሁን የጨረር ቀጠሮ እንዳታሳልፍ።

«እህቴ እዚያው ሆስፒታል እየሠራች አንድ ልጅ ማስገባት እንዴት ያቅታታል?» ብለህ እንዳዘንክብኝ ከአጻጻፍህ ገብቶኛል። እኔ እዚህ የምሠራው አዛውንት አጥባለሁ፣ አልጋ አነጥፋለሁ፤ ቃሌን ሰምቶ በር የሚከፍትልኝ ሰው የለም። የአገሩ ልጅ ሲታመም ወጪውን መንግሥት ከግብር ይሸፍንለታል፤ ከውጭ ለሚመጣ ልጅ ግን ተቀባይ ሐኪም፣ ቪዛና ሙሉ ክፍያ ያስፈልጋል። የደሴው ቤት ተሽጦ ያንን ክፍያ ይሞላል ብዬ አላምንም። አቅሙ ቢኖረኝ ኖሮ አንተ እስክትጠይቀኝ አልጠብቅም ነበር።

ፕሮቶን የሚሰጠው ክሊኒክ ስካንዲዮን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተ ሲሆን ፕሮቶን የሚያስፈልጋቸው የስዊድን ልጆች ከየአካባቢው ወደዚህ ከተማ ይላካሉ፣ ወላጆቻቸውም ከእነሱ ጋር እዚያው ያለው ሆቴል ያርፋሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት የልጇን ጭምብል ታቅፋ አየሁ። ሕክምናው ሲያልቅ ለማስታወሻ ይሰጧቸዋል መሰለኝ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ በሞቀ ውሃ ካለሰለሱት በኋላ ፊት ላይ ሲዘረጉት የልጁን ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ይዞ ይደርቃል፤ በየዕለቱም ጭንቅላቱ ንቅንቅ እንዳይል ከአልጋው ጋር የሚያያዘው በእሱ ነው። በዚያኛው ላይ ድመት ሥለውበታል። ናሆም ትዝ ብሎኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አንዲት የጨረር ክፍል ነርስ ጓደኛዬ የፕሮቶንንና የተለመደውን ጨረር ልዩነት በትዕግሥት አስረዳችኝ። የተለመደው ጨረር ዕጢውን መትቶ አይቆምም፤ በሌላው በኩል ይወጣል፣ በመንገዱ ያገኘውን ጤነኛ አካልም ይነካል። ፕሮቶን የተባለው ረቂቅ ቅንጣት ግን ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን ከብርሃን ፍጥነት ከግማሽ በላይ እንዲከንፍ ከተደረገ በኋላ፣ በተሰጠው ጉልበት መጠን በታሰበለት ጥልቀት ላይ ይቆማል፤ አብዛኛውን ኃይሉን የሚለቀውም ሊቆም ሲል ነው። ሸክሙን የታዘዘበት ደጃፍ ላይ አራግፎ እዚያው እንደሚቀር ተሸካሚ ቁጠረው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሮበርት ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ለሕክምና ይሆናል ብሎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን፣ እዚህ ኡፕሳላም በ1957 ሰው ታክሞበታል።

የናሆም ዕጢ ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው የአንጎል ካንሰር ስለሆነና ሕዋሶቹ በአከርካሪ ፈሳሽ ሊሠራጩ ስለሚችሉ፣ ጨረሩ የሚሰጠው ለመላው አንጎልና ለአከርካሪውም ጭምር ነው። የተለመደው ጨረር በጀርባ ገብቶ በደረትና በሆድ ሲወጣ ልብንና አንጀትን ይነካል፤ ፕሮቶን እነዚህን ያተርፋል፣ ለጆሮም የተሻለ ጥንቃቄ ያደርጋል። ይህን አልደብቅህም፤ ለልጅ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ካንሰሩን በመግደል በኩል ግን ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ የፕሮቶን ብልጫው ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ጉዳት መቀነሱ ላይ ነው። መላው አንጎል በሁለቱም መንገድ ጨረር ስለሚያገኝ፣ በትምህርቱና በዕድገቱ ላይ የሚመጣውን ጫና ፕሮቶንም ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። መዘግየት ግን ልጁን ራሱን ሊያሳጣን ይችላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጨረሩ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከተጀመረ በኋላም ያለ በቂ ምክንያት መቆራረጥ የለበትም። አገራችን ለብዙ ዓመታት ኮባልት በሚባለው የድሮ የጨረር ማሽን ብቻ ስትሠራ ቆይታ ዛሬ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው አዲሱ የጨረር ማሽን አላት፤ ቪዛ ስንጠብቅ ያንን ወረፋ ብናጣ ማን ይመልስልናል?

ስለዚህ በአልማዝ ስም የላክሁት ገንዘብ ለአዲስ አበባው ቤት ኪራይ፣ ለመመላለሻና ለኤም አር አይ ይሁን። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ እንዳለው ታውቃለህና ሄደህ ጠይቅ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ከመጀመሩ በፊት የናሆም የመስማት አቅም እንዲለካ ሐኪሙን አስታውስ፤ ከኬሞ መድኃኒቶቹ አንዳንዶቹም ጆሮ ይጎዳሉ። ጨረሩ ሲሰጥ እንደማያመው ደጋግማችሁ ንገሩት። ገና 5 ዓመቱ ነውና ጸጥ ብሎ መተኛት ካቃተው ማደንዘዣ ሊሰጡት ይችላሉ፤ በዚያን ዕለት ጠዋት ምንም አይቀምስም፣ እባካችሁ እህቱ ፊቱ ዳቦ ይዛ እንዳትቀመጥ።

ሂሩት «የወንድሜ ልጅ ታሞ በእኔ ደጅ ከበሮ አይመታም» ማለቷን ሰማሁ። ሆዷን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ሕመም ቀድሞ የሚሰማት እሷን ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እማዬ ደግሞ የመጨረሻ ልጇን ድራ ለማየት ስትጠብቅ ኖራ፣ ሠርጉን ማፍረስ ለናሆም ምን ይጨምርለታል? ድንኳኑ ይቅር፤ ቤተ ክርስቲያን ይጋቡና ለቅርብ ዘመድ ምሳ ይቅረብ፤ መልሱን ልጁ ሕክምናውን ሲጨርስ እናድርገው። የእማዬን ጥልፍ ቀሚስ እንድትለብስ እፈልጋለሁ፣ ትንሽ ቢሰፋትም ልክ ይደረግላት። እኔ አልመጣም። የላክሁት ለአውሮፕላን ቲኬት ያስቀመጥኩትን ነው፤ ይህን ለእሷ አትንገራት፣ መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እንደ ከለከለኝ ንገራት። የሙሽራ ዘፈኑን ግን በስልክ አሰሙኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም ወጥቼ እሰማለሁ።

እማዬ ለናሆም ብላ ሱባዔ መያዟን አልማዝ ነግራኛለች። ስኳር ያለባት ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ መርፌ ስትወጋ ዝም ብላችሁ አትዩ። እኛ ብንነግራት አትሰማም፤ የንስሐ አባቷን ለምናቸውና ጦሙን በሌላ ነገር ይለውጡላት።

የፓቶሎጂውን (የዕጢው ናሙና የተመረመረበትን) ውጤትና ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተነሳውን ኤም አር አይ በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። ነርሷ ለአንድ ሐኪም ለማሳየት እሞክራለሁ ብላኛለች፣ ቃል ግን አልሰጠችኝም፤ አንተም በእሱ ተስፋ አንዲት ቀን እንዳታባክን። ጨረሩ የሚጀመርበት ቀን እንደ ታወቀ ሌሊትም ቢሆን ደውልልኝ፤ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ አልተኛም።

እህትህ
ዓለምነሽ