ለደንበኞቻችን፦ የድሮ ፎቶ ባክግራውንድ ማጥፋት ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣ ሰላም ናችሁ? እንዴት ከረማችሁ?

ይሄን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁንን አንድ ነገር በደንብ ለማስረዳት ነው። የድሮ ፎቶ ይዛችሁ መጥታችሁ "ከኋላ ያለውን አጥፉልኝና መናፈሻ ነገር አድርጉበት" ስትሉን እምቢ ማለት ጀምረናል፣ አንዳንዶቻችሁ ቅር ብሏችሁ ሄዳችኋል፣ ቅር ማለታችሁም ልክ ነው ምክንያቱም "አንሰራም" ከማለት ውጪ ቁጭ ብለን ምክንያቱን አልነገርናችሁም። እንግዲህ አሁን እንንገራችሁ።

ነገሩ የመጣው ካሳንቺስ ይኖሩ ከነበሩ አንዲት እናት ነው። ከአመታት በፊት የእናታቸውን ፎቶ አመጡልን፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ እናትየው ነጠላ ተከናንበው የግቢያቸው በር ላይ ቆመዋል። በሩ ቆርቆሮ ነው፣ ከታች በኩል ዝገት በልቶታል፣ ከጎኑ እንስራ ተደግፏል፣ በበሩ ክፍተት ደግሞ አንድ ልጅ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ካሜራውን ያያል። ፎቶውን የፈለጉት ለሙት አመት ስለነበር "ያ አሮጌ በር ለምን ይታያል፣ አጥፉልኝ" አሉን፣ እኛም አጠፋን፣ ከኋላ አረንጓዴ መናፈሻ አደረግንላቸው፣ ወደዱት፣ ከፍለው ሄዱ። በኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸውም ከተነሱት ነበሩ፣ እቃ ሲጫንና ሲወርድ ዋናው ፎቶ ጠፋባቸው። እኛ ጋ ተመልሰው መጡና "ልጆቼ፣ በሩ ያለበት አላችሁ?" አሉን። ኮምፒውተራችን ላይ ያለው መናፈሻው ብቻ ነው። ያኔ ቦታ እንዳይይዝ ብለን ያለቀውን ስራ ብቻ ነበር የምናስቀምጠው፣ ኦሪጅናሉን ስካን እናጠፋው ነበር። "እናቴስ ሌላም ፎቶ አላት፣ የቤታችን በር ግን ያ ብቻ ነበር" አሉ። ብዙም አልተቆጡም፣ ሻይ አስመጣንላቸው፣ ትንሽ ተቀምጠው ሄዱ። ጥፋቱ የኛ ነው፣ በዛው ሳምንት ነው ይሄን ውሳኔ የወሰንነው።

ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ከፒያሳ፣ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከእሪ በከንቱ፣ በ2017 ደግሞ ከካሳንቺስ የተነሱ ሰዎች ፎቶ በሳጥን፣ በፌስታል፣ በድሮ የብስኩት ጣሳ ሞልተው ያመጡልናል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሰዎቹን ነው፣ አባትን አያትን አክስትን። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ እነዚህን ፎቶዎች አጉልተን ስለምናይ አንድ ነገር ገባን፣ የዚህ ከተማ ሰፈር ኑሮ ያለው ከሰዎቹ ኋላ ነው።

እስቲ አስቡት፣ ቤተ መንግስቱን የሚያነሱ ባለሙያዎች ነበሩ፣ የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነገስታቱን አንስቷል፣ በአሉም ሰልፉም ተነስቷል። የሰራተኛ ሰፈርን የቦኖ ውሃ ወረፋ፣ የጌጃ ሰፈርን ጉሊት፣ የደጃች ውቤን የኋላ ጓሮ ግን ሆን ብሎ የሚያነሳ ሰው ብዙ አልነበረም፣ ፊልም ውድ ነው፣ ማሳጠቢያው ውድ ነው፣ ሰው ፎቶ የሚነሳው ለክርስትና፣ ለሰርግ፣ ለፋሲካ ልብስ ሲገዛለት ነው። ታዲያ ልጁን አዲስ ልብስ አልብሰው በር ላይ ሲያቆሙት ሳያስቡት በሩንም፣ ጎረቤቱንም፣ የጎረቤቱን ዶሮም አብረው አነሱ። ያ ነው የቀረን።

ብዙዎቻችሁ "መች እንደተነሳ አናውቅም" ትሉናላችሁ። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከኋላ ያለው ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን ፎቶ "የ1945 ነው" ብለው አመጡ፣ ከትከሻቸው ኋላ ግማሽ ሰይቼንቶ ታክሲ ቆማለች። ሰይቼንቶ ማለት በጣልያንኛ ስድስት መቶ ነው፣ ፊያት 600 ለማለት ነው፣ መኪናዋ ደግሞ ለገበያ የወጣችው በፈረንጅ 1955 ነው፣ በኛ 1947 መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ፎቶው ከዛ በፊት ሊሆን አይችልም። ይሄን ስንነግራቸው እናትየው ትንሽ አሰቡና "እውነትም የሁለተኛው ልጅ ክርስትና ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም" አሉ፣ ከዛ የክርስትናው ታሪክ መጣ፣ ማን እንደመጣ፣ ጠላው እንዴት እንደቀጠነ፣ ልጆቹ ይሄን ሁሉ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ያቺን ግማሽ መኪና ብንቆርጣት ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም።

ቀበሌ የሚል ታፔላ ከታየ ደግሞ ከ1967 ማለቂያ ወዲህ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው ሐምሌ 1967 ነው፣ ቀበሌዎቹም የመጡት ከሱ ጋር ነው። የዚህን አዋጅ ውጤት እኛ በበሮች ላይ ነው የምናየው። ኪራዩ በጣም ረከሰ፣ ለተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ግን በዛ ገቢ ቤቶቹን ማደስ አልተቻለም፣ ነዋሪው ራሱ ያገኘውን ቆርቆሮ፣ ሸራ፣ የጣውላ ቁራጭ እየለጠፈ ነው የኖረው። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ አንድ በር ላይ በጃንሆይ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከ83 በኋላም ተነስቶበት እናገኛለን፣ ሰዎቹ ያረጃሉ፣ በሩ ላይ ልጥፍ ይጨመራል። ሶስቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጡት ያን ቤት ለማቆም ስንት እጅ እንደለፋ ይታያችኋል።

ውሃ መቅጃውም እንደዛው ነው፣ በድሮዎቹ እንስራ ነው፣ ቀጥሎ ባልዲና የላምባ ቆርቆሮ፣ ከዛ ቢጫ ጀሪካን። ሱቁ ላይ ሽርጥ ያገለደመ የመናዊ ከቆመ "አረብ ቤት" የሚባለው ሱቅ ነው፣ በየሰፈሩ ነበረ፣ ስኳሩንም ላምባውንም በሳንቲም የሚሸጠው እሱ ነበር፣ የኋለኞቹ ፎቶዎች ላይ ግን የለም፣ በቦታው የቀበሌ ሱቅ መጥቶ ሰው ለስኳርና ለሳሙና ተሰልፎ ይታያል። ቤት ውስጥ የተነሱት ፎቶዎችማ የባሰ ብዙ ነገር ይዘዋል። ቴሌቪዥን እዚህ አገር የጀመረው በ1957 ነው፣ ለብዙ አመት በሰፈር አንድ ቤት ብቻ ነበር የሚገኘው፣ ፎቶው ላይ ዳንቴል ለብሶ መሀል ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡ ግራና ቀኝ እንደ ሚዜ ቆሞለታል፣ በመስኮቱ ደግሞ የጎረቤት ልጆች ጭንቅላት ይታያል። አንድ ፎቶ ላይ ከሙሽራዋ ኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ በጋዜጣ ተለብጧል፣ እንደ ግድግዳ ወረቀት ማለት ነው፣ አጉልተን "አዲስ ዘመን" የሚለውን አነበብነው፣ ቀኑን ግን የሙሽራዋ ቬሎ ሸፍኖታል።

የሰፈሩ ስም ራሱ ስንት ነገር ይዟል። ካሳንቺስ ጣልያን ለመንግስት ሰራተኞቹ ቤት ከሰራበት መስሪያ ቤት ስም የመጣ ነው፣ ካዛ ኢንቺስ፣ ፖፖላሬም ከዛው ዘመን ነው። ለገሃር የፈረንሳይኛው ባቡር ጣቢያ ነው፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። መርካቶንም አሁን ያለበት ቦታ ያመጣው ጣልያን ነው፣ ከዛ በፊት ገበያው ጊዮርጊስ አጠገብ አራዳ ነበር። እና ከፎቶ ጀርባ ላይ "ገዳም ሰፈር፣ ከነእትዬ ቤት ፊት ለፊት" ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ መስመር ለኛ ከፎቶው እኩል ነው። ስለዚህ ጀርባውንም በነጻ ስካን እናደርጋለን፣ የድሮ ፎቶ ቤት ማህተም ካለበትም እንዲሁ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይሄኛው ነው እኛን በጣም የነካን። አንዲት ደንበኛችን የራሷን የልጅነት ፎቶ አመጣች፣ ዩኒፎርም ለብሳ ደብተር ታቅፋ ቆማለች፣ ከኋላ አንዲት አሮጊት እናት መሬት ላይ ቆሎና ሱፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ መስፈሪያው ጣሳ ሳይቀር ይታያል። እሷ "እኚህን አጥፉልኝ፣ አላውቃቸውም" አለች። አዲሱን ህጋችንን ነግረናት ሙሉውን ሰራንላት፣ እሷም የሰፈራቸው ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው "ያቺ አያቴ ናት" ብሎ ጻፈላት። ቤታቸው አንድም የሴትየዋ ፎቶ የለም፣ አያቱ በህይወት እያሉ ፎቶ ተነስተው አያውቁም ብለው ነው ቤተሰቡ የሚያስበው። ሰውየው እኛ ጋ ድረስ መጣ፣ ያቺን ጥግ ብቻ አጉልተን አተምንለት፣ ፊታቸው ትንሽ ደብዝዟል፣ እጃቸው ግን ጥርት ብሎ ይታያል፣ ቆሎውን እየዘገነ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየው።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "የደበዘዘውን ፊት በኤአይ አጥሩልኝ" ትላላችሁ። ሞክረነዋል። የሚያወጣው ፊት ጥርት ያለ ነው ግን የሰውየው አይደለም፣ አይኑን ከሌላ ሰው አይን ገምቶ ነው የሚሞላው፣ ጽሑፍ ያለበትን ታፔላም ያልነበረ ፊደል ያደርገዋል። ስለዚህ ጭረት፣ እድፍና እጥፋት እናነሳለን፣ የቀላውን የከለር ፎቶ ቀለሙን እንመልሳለን፣ ፊት ግን አንፈጥርም። የግድ ከፈለጋችሁ ለብቻው ሌላ ፋይል አድርገን እንሰራዋለን፣ ዋናው ሳይነካ።

አሁን አሰራራችን እንዲህ ነው። የምታመጡት ፎቶ ሁሉ መጀመሪያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን ይደረጋል፣ ትንንሾቹ ጉርድ ፎቶዎች በ1200፣ ያ ፋይል ሳይነካ በፍላሽ ይሰጣችኋል፣ እኛ ጋም ቅጂው ለአንድ አመት ይቀመጣል። ለሙት አመት ወይም ለሀውልት ፊቱ ብቻ ከተፈለገ ከዛ ቅጂ እንቆርጣለን፣ ዋጋው አልጨመረም። ኔጋቲቭ ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፣ ከታተመው ይልቅ ብዙ ነገር እሱ ላይ አለ።

አንድ አደራ፣ የሚያጣብቀው አልበም ላይ ያለውን ፎቶ በጥፍር አትላጡት፣ ከመስታወት ጋር የተጣበቀውንም አትገንጥሉት፣ አልበሙንም ፍሬሙንም እንዳለ አምጡት፣ አልበሙን በጥርስ ክር ቀስ ብለን እናላቅቀዋለን፣ የመስታወቱን ደግሞ ከነመስታወቱ ስካን እናደርገዋለን። ከጀርባው ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፣ አመተ ምህረቱ ላይም "በኛ" ወይም "በፈረንጅ" በሉበት፣ በሁለቱ መሀል ስንት ቤተሰብ እዚህ ቆሞ ሲከራከር አይተናል።

እና ከዚህ በፊት እኛ ጋ ባክግራውንድ ያስጠፋችሁ ደንበኞች፣ ዋናው ፎቶ አሁንም እጃችሁ ላይ ካለ መልሳችሁ አምጡት፣ ሙሉውን በነጻ ስካን እናደርግላችኋለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ ስለሚበዛ ትልልቅ ሰዎችን ይዛችሁ የምትመጡ በስራ ቀን ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፣ ወንበር አለ፣ ሻይም አለ። ካሳንቺስ የነበሩት እናትም ይሄን ካነበቡ፣ የበሩ ፎቶ ሌላ ቅጂ ከዘመድ ከጎረቤት እጅ ይገኝ እንደሆን አብረን እንድንፈልግ ብቅ ይበሉልን።

አክባሪዎቻችሁ
የፎቶ ቤታችሁ ልጆች