ጠበልና ኢንሱሊን በአንድ ማቀዝቀዣ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ሃይማኖትና ዘመናዊነት ያስነበባችሁት ክርክር አጥባቂውንና ሃይማኖት ከአደባባይ ይራቅ የሚለውን ብቻ አነጋግሮ በማለፉ፣ በመካከላቸው የምንኖር ሰዎች ቃልም እንዲሰማ ይህን ጽፌያለሁ።

ባሕር ዳር በሚገኘው ቤቴ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑት አክስቴ አብረውኝ ይኖራሉ። ኢንሱሊናቸው በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከዘጌ በሃይላንድ ከመጣላቸው ጠበል ጎን ተቀምጧል። አንድ እሑድ የእኅቴ ልጅ መርፌውን አይቶ የእምነት ጉድለት ነው ሲል ተቆጣ፤ በዚያው ሳምንት ቡና ሊጠጣ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጠበሉን አይቶ «በዚህ ዘመን?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም ይወዱኛል፤ እምነቴን ግን ግማሽ አድርገው ይቆጥሩታል።

ለእኅቴ ልጅ የመለስኩለት ከራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። አክስቴን ከጾም ፈትተው መርፌያቸውን በሰዓቱ እንዲወጉ ያዘዟቸው የነፍስ አባታቸው ናቸው፤ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ምእመናን መድኃኒቱም ጠበሉም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ለባልደረባዬ የነገርኩት አጭር ነው፦ አክስቴ ጠበሉን የሚጠጡት በመድኃኒቱ ምትክ አይደለም።

ክርክሩ ወደ መንግሥት ሲዞር ይከራል። የእኅቴ ልጅ ሕጉ የቤተ ክርስቲያን ቢሆን ይመኛል። እኔ ግን በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራ ያለውን የኢየሱሳውያን ሕንፃ ፍርስራሽ አስታውሰዋለሁ፤ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሊጭኑ ሞክረው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ያን ጊዜ የተገደደው የእኛው ተዋሕዶ ነበር። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለውን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 የምደግፈው አማኝ ስለሆንኩ ነው። ባልደረባዬ ይህን አንቀጽ በቃሉ ይዞታል፤ እምነትን በይፋም ጭምር የመግለጽ መብት የሚሰጠውን አንቀጽ 27 ግን ሲጠቅስ ሰምቼው አላውቅም።

እርግጥ እኛም ጥፋት አለብን፤ ቡናው እንዳይበላሽ እያልን ዝም የምንልበት ጊዜ ይበዛል፣ እኔም ያን እሑድ ዝም ብዬ ነበር፤ መልሱን የሰጠሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ዝግጅት ክፍሉ ክርክሩን የሚቀጥል ከሆነ፣ በሚቀጥለው እትም አንድ የነፍስ አባትና የስኳር ሕሙማንን የምትከታተል አንዲት ነርስ በአንድ ገጽ ላይ እንዲያነጋግር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር