ይድረስ ለአባዬ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ባክአፕ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ እንዴት ሰነበተች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

የባክአፑን፣ ማለትም የፋይሎችዎን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነገር በስልክ ከማወራው በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። አትመው ከኪቦርዱ አጠገብ ያስቀምጡት። አንዳንዱ ቦታ ይረዝምብዎታል፤ የሚረዝመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበት ላይ ነው።

«ፋይሎቼ ዲ ላይ ስለሆኑ አይጠፉም» የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ኮምፒውተር ቤት ወስደው ፎርማት ሲያስደርጉት የሚጠረገው ሲ ነው፤ ዲ ይተርፋል። ነገር ግን ሲ እና ዲ አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። መሃሉ ላይ ግድግዳ የተሠራለት ቤት ጣሪያው ሲፈስ ለሁለቱም ክፍል ነው የሚፈሰው። ዲስኩ ከተበላሸ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ካቃጠለው ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ፍላሹም ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም፤ በየፎቶ ቤቱ ሲሰካ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፣ ሲበላሽም ሳያስጠነቅቅ ነው።

ጉግል ድራይቭስ አይበቃም ወይ ይሉ ይሆናል። አይበቃም። ጉግል ድራይቭ፣ ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ ሥራቸው ማመሳሰል ነው፤ እዚህ የተለወጠው እዚያም ይለወጣል፣ እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይሉ፣ ፎቶውና ድራይቩ ይካፈሉታል፤ ሲሞላ ኢሜይል መቀበል ሁሉ ያቆማል። የተሰረዘ ፋይል ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ከዚያ ወዲያ የለም።

ዋናው ነገር ይህ 30 ቀን ነው። የእድሩን መዝገብ ያስቡት። ታኅሣሥ ላይ ኤክሴሉ ውስጥ አንድ መስመር ሳይታወቅዎ ቢሰረዝ፣ መቼ ነው የሚታወቀው? ሚያዝያ ላይ፣ ያ አባል ለቅሶ ሲደርስበትና መዋጮው ሲፈለግ ነው። ያን ጊዜ አራት ወር አልፏል፤ 30 ቀን የሚያስታውስ አገልግሎት እጁ ላይ ያለው የተበላሸው መዝገብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ባክአፕ ሲመረጥ «ስንት ጊጋባይት ይይዛል?» ከማለት በፊት «የድሮውን ቅጂ ስንት ቀን ያቆያል?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የመረጥኩልዎ ባክብሌዝ የሚባለውን፣ የፋይሎችን ቅጂ በኢንተርኔት ወስዶ የሚያስቀምጠውን አገልግሎት ነው። ክፍያው በኮምፒውተር ነው፤ የፋይሉን ብዛት አይገድብም። ሳይነኩት ከተዉት ግን እሱም የሚያቆየው 30 ቀን ነው፤ በድረ ገጹ ገብቶ «ቨርዥን ሂስትሪ» የሚለውን ወደ 1 ዓመት መቀየር ያስፈልጋል። ይህን እኔ ከዚህ ሆኜ አደርገዋለሁ። ክፍያውም ከእኔ ካርድ ይቆረጣል፤ እዚያ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል አይልፉ። ካርዱ ጊዜው ካለፈ ክፍያው ይቋረጣል፣ ክፍያው የተቋረጠ ባክአፕ ደግሞ ውሎ አድሮ ይሰረዛል። «ባክአፕዎ ሊሰረዝ ነው» የሚል ኢሜይል ከመጣ ግን እውነተኛም ሊሆን ይችላል፣ የአጭበርባሪም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለውን ምንም ነገር ሳይጫኑ ወደ እኔ ይላኩት።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ የሚሉትን ማህደሮችና ዲ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይበሉ፤ «ሳይዝ» ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይጻፉ። ዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን የቴሌግራም ማህደር አይርሱት፤ ሰዎች የላኩልዎት ፎቶና ቃለ ጉባኤ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው።

ድምሩ 70 ጊጋባይት ነው እንበል። የኢንተርኔት ፍጥነት በሜጋቢት ይነገራል፣ ፋይል ግን በባይት ነው የሚለካው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 70 ጊጋባይት ማለት 560,000 ሜጋቢት ነው። ውሉ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ብዙ ጊዜ የማውረጃው ነው፤ ለባክአፕ የሚያስፈልገው የመስቀያው ነው፣ እሱም ያንስ ይሆናል። መስቀያው 2 ሜጋቢት በሰከንድ ከሆነ 280,000 ሰከንድ፣ ማለትም 78 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት ሌሊት 8 ሰዓት ቢሠራ 10 ሌሊት ነው፤ መብራት የሚጠፋበትን ስንጨምር ሦስት ሳምንት ይያዝለት። ከዚያ በኋላ የሚላከው አዲስና የተለወጠ ፋይል ብቻ ስለሆነ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሞባይል ዳታ ላይ ግን በፍጹም አያድርጉት፤ ካርድ ሲሞሉ ሊከርሙ ነው።

ይህ የመጀመሪያው ጉዞ ነው ብዙ ሰው የሚተወው። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ይተኛል። ዊንዶውስ ካልተነካ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ራሱን ያስተኛል፤ የተኛ ኮምፒውተር አይልክም። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ፓወር» ገብተው ቻርጀር ሲሰካ የሚለውን የመተኛ ሰዓት «ኔቨር» ያድርጉት። ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም። የላፕቶፑንም ክዳን አይዝጉት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይም የኢንተርኔቱ ሳጥን ይጠፋል፤ ሲመለስ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥላል፣ እንደገና «ሀ» ብሎ አይጀምርም። እርስዎም ምንም አይንኩ።

ሰዓቱን ሲያስተካክሉ ይጠንቀቁ፤ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እንዲጀምር ከፈለጉ 11 ፒኤም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንዲያቆም 7 ኤኤም ይበሉት። የመጀመሪያው ጉዞ ካለቀ በኋላ «ኮንቲንየስሊ» (ያለማቋረጥ) ወደሚለው እንቀይረዋለን፤ በአንድ ሰዓት ብቻ ከታሰረ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት የዚያ ቀን ሥራ ሳይላክ ይቀራል።

ምን ምን እንደሚወስድ ደግሞ ማየት አለብን። በራሱ በባክብሌዝ «ሴቲንግስ» ውስጥ ከዲ አጠገብ ምልክት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ዋንድራይቭ ማህደር ውስጥ ያለ ነገር ካለ ወደ ዲ ያውጡት፤ አጠገቡ የደመና ምልክት ያለበት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ አካሉ ስለሌለ ባክአፑ የሚወስደው የለውም። ስልክዎ ላይ ያለውም ፎቶ በዚህ ውስጥ አይገባም። በወር አንዴ በገመድ ሰክተው «ዲሲአይኤም» የሚለውን የፎቶ ማህደር ወደ ዲ ይገልብጡት። እድሩን ሠርተው ሲጨርሱ ኤክሴሉን ይዝጉት፤ ክፍት ሆኖ ያደረ ፋይል ሳይወሰድ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ ፈረንጅ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ። የዘር ሐረጉን የጻፉበት የድሮው የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ አይደለም። በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚሆነው። ፎንቱ ያለው ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» በሚለው ማህደር ነው፤ ባክብሌዝ ደግሞ የዊንዶውስን ማህደር አይወስድም። የፕሮግራም መጫኛንም፣ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነውን ሁሉ፣ ይዘለዋል። እንግዲህ ኮምፒውተሩ ቢሞት ጽሑፉ ተመልሶ የሚያነበው ይጠፋል ማለት ነው። መላው ቀላል ነው፤ የግዕዝ ፎንቶቹን ከዚያ ማህደር ገልብጠው ዲ ላይ «ፎንት» በሚል ስም ያስቀምጧቸው፣ መጫኛውንም ቀኝ ጠቅ አድርገው ዚፕ ያድርጉት፤ ዚፕ ከሆነ ይወስደዋል። ዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች ደግሞ ፒዲኤፍ አድርገው ከጎናቸው ያኑሩ፤ ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞት ስለሚሄድ የትም ይነበባል።

የይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ይቆልፉበት። ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከቤት ሌባ ይልቅ የሚያሰጋኝ መርሳቱ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ግን አይጻፉት፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ፕሮግራሙ «ፕራይቬት ኢንክሪፕሽን ኪ» ያስገቡ ቢልዎት ይዝለሉት። ፋይሎቹ ያለ እሱም ተመስጥረው ነው የሚላኩት። የራስን ቁልፍ ማድረግ ጥበቃውን ያጠብቀዋል፣ ያ ቁልፍ የጠፋ ዕለት ግን ኩባንያውም ሊከፍተው አይችልም። ከዚያ ይልቅ ሁለተኛውን ማረጋገጫ፣ ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ቁጥር፣ በስልክዎ እናበራለን፤ ስልኩ ቢጠፋ የሚያገለግሉትንም መጠባበቂያ ቁጥሮች አትመን ከደብተሩ ጋር እናደርጋለን።

በሦስት ወር አንዴ ደግሞ ማስመለስን ይለማመዱ። ድረ ገጹ ላይ ይገቡና «ሪስቶር» የሚለውን ይጫኑ፤ አንድ የድሮ ፎቶና የእድሩን ኤክሴል መርጠው ያዝዙ። ዚፕ ሆኖ ሲዘጋጅ ያውርዱት፣ ዴስክቶፕ ላይ አዲስ ማህደር ከፍተው ይፍቱት፣ ከዚያ ይክፈቱት። አሁን ባለው ፋይል ላይ ግን አይደርቡት። ማየት ያለብዎት መውረዱን ብቻ አይደለም፤ ፎቶው ሙሉ ነው? የኤክሴሉ ድምር ትክክል ነው? የሚመርጡት ቀን በፈረንጅ ነው። ከጥቅምት 20 ቀን 2018 በፊት የነበረውን ከፈለጉ ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 በፊት ያለውን ይምረጡ። እዚህ ላይ ተሳስቶ የተበላሸውን ቅጂ መልሶ ማውረድ በጣም የተለመደ ነው።

ሁሉም ቢጠፋና 70ውን ጊጋባይት ማስመለስ ቢያስፈልግ ማውረዱ ራሱ ቀናት ይወስዳል። ኩባንያው በሃርድ ዲስክ ገልብጦም ይልካል፤ በእኔ አድራሻ አዝዤ ወደዚያ በሚመጣ ሰው እጅ እልከዋለሁ።

ፋይሎቹ ድንገት ስማቸው ተለዋውጦ አልከፈት ካሉና ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከመጣ፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን እንዳመሰው እንደ ዋናክራይ ያለ ቫይረስ ነው ማለት ነው። አይክፈሉ፣ አይደናገጡ። የኢንተርኔቱን ሳጥን ያጥፉ፤ ባክአፑ ስለማያውቅ የተቆለፉትንም ፋይሎች እንደ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ ይልካቸዋል። ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉና ይደውሉልኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት የነበረውን እናስመልሳለን። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚገባው በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ በተሰበረ ፕሮግራም፣ ስለሆነ «በነፃ እጭንልዎታለሁ» የሚለውን ልጅ ያመስግኑና ይሸኙት።

ኮምፒውተር ቤት «ፎርማት እናድርገው» ካሏችሁ፣ እሺ ከማለትዎ በፊት ባክብሌዝን ከፍተው እስከ መቼ ድረስ እንደተላከ የሚያሳየውን ቀን ይዩ፤ የዛሬው ወይም የትናንቱ መሆን አለበት፣ የቀረው ፋይልም ዜሮ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፕሮግራሙ ሲጫን «ኢንሄሪት ባክአፕ ስቴት» የሚለውን ካልመረጡ እንደ አዲስ ኮምፒውተር ይቆጥርዎትና ያንን የሦስት ሳምንት ጉዞ ሊደግሙት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሳይደውሉልኝ አይጫኑት።

ከዚህ ሌላ አንድ 1 ቴራባይት የውጭ ሃርድ ዲስክ እልክልዎታለሁ። በሳምንት አንዴ ዲን ይገልብጡበት፣ ሲጨርሱ ነቅለው ቁም ሳጥን ውስጥ ያድርጉት። እንደተሰካ ከዋለ ቫይረሱም መብራቱም እሱንም ያገኘዋል።

እንግዲህ የማህደሮቹን ልክ ጽፈው በቴሌግራም ይላኩልኝ። ቅዳሜ በእናንተ ምሽት 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ኤክሴሉ ተዘግቶ ይጠብቁኝ። እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ