«ሴት ያሳደገው» ስድብነቱ ይብቃ
ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

«ሴት ያሳደገው» ባለጌ፣ ሥርዓት የለሽ ለማለት የሚወረወር ስድብ ነው። ልጁን ተሳድቦ እናቱን ይመታል። አነጋገሩን ልብ በሉት፦ አሳዳጊዋ ሴት ሆና ሳለ ግሱ «ያሳደገችው» አይልም፤ ተባዕት ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ወጣቶች «ሴት ያሳደገችኝ ነኝ» ብለው በኩራት ሲናገሩ «ች» ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፤ እናቲቱም የድካሟ ባለቤት ትሆናለች።

ስድቡ ሥር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር። እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ የወደቁት ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ በእናታቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባሉ ተሰድበዋል።

ቃሉ የሚታደሰው ግን ባለቤቱ ስለ ራሱ ሲናገረው ነው። መምህር ያረፈደን ተማሪ፣ የታክሲ ረዳት የተጣላውን ተሳፋሪ እንዲህ ካለው ያው የድሮው ስድብ ነው፤ «ቀልድ ነው» ማለት አያድንም።

የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች «አባትህን ይዘህ ና» ማለትን ትተው «አሳዳጊህን» ይበሉ። የእናት ፊርማ ብቻውን ይብቃ። ከፋብሪካ ፈረቃዋ ቀርታ የመጣችን እናት «አባቱስ?» ብሎ መመለስ ነውር ነው።

የአማርኛ መምህራን፣ ከደሴ